የመኪና ቴፕ ከመኪና ወደ መኪና ሲዛወር

ድሬዳዋ የመንገድ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው። ከእሷ ተነሥቶ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የመኪና መንገድም አለ። በረሃውን ለሚያቋርጥ ሹፌር ሬዲዮ ጓደኛው ነው።

አዲስ ቴፕ ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሌላ መኪና የተፈታ ውራጅ ቴፕ ገዝቶ ያስገጥማል። ይህ ይቻላል። ነገር ግን ቴፑ ከመገናኘቱ በፊት መነበብ ያለባቸው ቁጥሮች አሉ። ሳያነብ ያገናኘ ሰው ቴፑንም ገንዘቡንም ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ቁጥር ቮልት ነው። ቮልት ማለት ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ የሚገፋ ኃይል ነው። የቤት መኪናና ባጃጅ 12 ቮልት ናቸው። በድሬዳዋና በሐረር ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ፔጆ 404ም 12 ነው። እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪናዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባትሪ አላቸው። እያንዳንዱ 12 ነው፤ ሲያያዙ 24 ይሆናሉ። የ12 ቮልት ቴፕ በ24 ቢገናኝ ይቃጠላል።

አንዳንዱ፣ «ታዲያ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ልሳብ» ይላል። ቴፑ ይሠራል። ዳሩ ግን አንዱ ባትሪ ይደክማል፤ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይበላሻሉ። መኪናውም ሌሊት በረሃ መካከል አልነሣም ይላል። የሚያዋጣው 24ን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የጣቢያ ቁጥር ነው። የሀገራችን ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ይደርሳል። ለጃፓን ሀገር የተሠሩ ብዙ ቴፖች ግን ከ76 ጀምረው 90 ላይ ያቆማሉ። የአዲስ አበባው ሸገር 102.1 ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ቴፕ አያገኘውም። እንግዲህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ቁጥሩ እስከ 108 መድረሱን እዩ።

ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የቴፑ ሶኬት ከነሽቦው ይሰጣችሁ። ሁለተኛ፣ ምስጢር ቁጥር ካለው ይንገራችሁ። አንዳንድ ቴፕ ከባትሪ ሲለያይ ይቆለፋል፤ ያለ ቁጥሩ አይከፈትም። ደረሰኝም ተቀበሉ። የተሰረቀ ዕቃ መዘዝ አለው።

ሽቦን በቀለም ብቻ አትመኑ። ገበያ ላይ በሚሸጡ ቴፖች አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሽቦ ኔጋቲቭ ነው። ከቶዮታ ፋብሪካ በመጣ ቴፕ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቡናማው ነው። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመለኪያ ይለካው። ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጋቲቭ በቅድሚያ ይፈታ፤ ሲያልቅም መጨረሻ ላይ ይታሰር።

ፊዩዝ ዘበኛ ነው። 10 የሚል ፊዩዝ ቢቃጠል በ10 ይተካ። በእሱ ፈንታ ሽቦ ጠቅልሎ የሚያስገባ ሰው ዘበኛውን አባሮ እሳት ይጠራል።

ጥያቄዎች
1. የ12 ቮልት ቴፕ በ24 ቢገናኝ ምን ይሆናል?
2. 90 ላይ የሚያቆም ቴፕ 102.1ን ያገኛል?
3. የእናንተ መኪና ስንት ቮልት ነው? ባትሪው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ባትሪዎቹንም ቁጠሩ።