ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤት እስከ አዲስ አበባ፦ ተጠያቂ ያልተገኘለት ጠለፋ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ባልቲሞር በሚወስደው መንገድ ዳር ፎርት ሚድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያ ነው። ኤጀንሲው በአገሩ የሚኖርን አንድ አሜሪካዊ ዒላማ አድርጎ ንግግሩን ለመጥለፍ ቢሻ፣ የ1978ቱ ሕግ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቀዋል። ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ምስጢሮቹን ካወጣ ወዲህ የሕጉ አፈጻጸም ብዙ አከራክሯል፤ ሕጉ ግን አለ።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ቤት የገባው ጠለፋ ከዚህ ጎረቤት የመጣ አልነበረም። በፍርድ ቤት ሰነዶች «ኪዳኔ» በሚል የተለዋጭ ስም የሚታወቁት እኚህ ሰው በ2012 ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ የወርድ ሰነድ ከፈቱ። በክሳቸው እንደተዘረዘረው፣ በሰነዱ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተሸሽጎ ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 የስካይፕ ጥሪዎቻቸውን ቀዳ፤ የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀምም መዘገበ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ለታሪክ ትምህርቱ ያደረገው ፍለጋ እንኳ አልቀረም። የተሰበሰበው ሁሉ የሚላከው ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ ልብ ማለት ያሻል። ስካይፕ ንግግሩን መስጥሮ ይልክ ስለነበር ብዙ ስደተኞች ከተራ ስልክ ይልቅ ይተማመኑበት ነበር። ፊንስፓይ ግን መልእክቱን መንገድ ላይ አይጠብቅም፤ ድምፁ ሳይመሰጠር ከኮምፒውተሩ ላይ ይወስደዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ስለላ ግዙፍ አንቴናም ሆነ እንደ ፎርት ሚድ ያለ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከገበያ የተገዛ ሶፍትዌርና የሚታመን የሚመስል ኢሜይል ነው።

ገበያው ደግሞ ርቆ የሚፈለግ አልነበረም። በታኅሣሥ 20 ቀን 2013፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሁለት የኢሳት ባልደረቦችን ለመጥለፍ ሦስት ሙከራዎች ተደረጉ፤ አንደኛው ቤልጅየም፣ ሁለተኛው ቨርጂኒያ ነበሩ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ ሶፍትዌሩን መርምሮ፣ ሚላን ይገኝ የነበረው ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ ሥራ መሆኑን ደረሰበት። ይህ ከተጋለጠ በኋላም በ2014 መጨረሻ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነአምን ዘለቀ በአሌክሳንድሪያ እንደገና ዒላማ ሆኑ። በ2015 የኩባንያው የራሱ ሰነዶች ተጠልፈው ሲወጡ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ተገኘ። በ2012 የተከፈለው አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የአገሪቱን መረቦች ከጠላፊ እንዲጠብቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የጠላፊዎች ሸማች ሆኖ መገኘቱ አሳፋሪ ነው።

ኪዳኔ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሱ። የመንግሥቱ ጠበቆች ዋና መከራከሪያ «የውጭ መንግሥት አይከሰስም» የሚል ነበር። የይግባኝ ዳኞች በፖስታ ስለሚላክ ቦምብና ከሩቅ ስለሚጠለፍ መኪና ቢጠይቁ እንኳ መልሱ ያው ሆነ። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ በ1976ቱ ሕግ መሠረት በደሉ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ መፈጸም ነበረበት፣ የስለላው ውጥንና ትእዛዝ ግን ከውጭ የመጣ ነው በማለት።

ይህ አተረጓጎም ለሰነፍ ሰላይ ሽልማት ነው። ቤት ሰብሮ ማይክሮፎን የሚደብቅ ወኪል አሜሪካ ድረስ መጥቷልና ላኪው መንግሥት ሊከሰስ ይችላል፤ ያንኑ ሥራ አዲስ አበባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ግን ላኪውን ከክስ ያድናል። ሕጉ የወጣው ጠላፊ በእግሩ መምጣት በነበረበት ዘመን ነው፤ ማሻሻል የሚችለው ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ እንጂ ዳኛ አይደለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ድምፃቸውን የሚሰጧቸውን እንደራሴዎች በዚህ ጉዳይ ሊሞግቷቸው ይገባል።

ኢንሳም ስሙን ወደ «አስተዳደር» ቀይሮ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተወሰዱት ቅጂዎች የት እንደተቀመጡና ማን እንዳዳመጣቸው ለመጠየቅ ግን ኪዳኔ ችሎት አላገኙም።