ቮልሷ ቆርቆሮ አይደለችም፤ ዋጋዋን ግን አስረዱን

ሰሞኑን የአንዲት የታደሰች ቮልስዋገን ፎቶ በየገጹ እየዞረ ነው። «ሙሉ በሙሉ የታደሰች፣ ሞተሯ የተሠራ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል ማስታወቂያው። ኮሜንቱን አያችሁት? ግማሹ «ለዚህ ቆርቆሮ ነው ይሄ ሁሉ ብር?» እያለ ይስቃል። ግማሹ ደግሞ «የአባቴ መኪና!» እያለ በትዝታ ይነዳል። እኔ መኪና የለኝም። ጀሞ ታክሲ ተሰልፌ ትምህርት ቤት የምሄድ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ደመወዜን ሳልበላ ሳልጠጣ ባጠራቅም እንኳ ቮልሷ እጄ የምትገባው ተማሪዎቼ የልጅ ልጅ ሲያዩ ነው። ስለዚህ ገዢም ሻጭም ሳልሆን ነው የምናገረው። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ውድ መሆኗ አያስቅም፣ ዋጋዋን አለማስረዳት ግን ያስተዛዝባል።

መጀመሪያ ለሚስቁት። አሜሪካኖች ለድሮ መኪና እንዴት እንደሚያብዱ ታውቃላችሁ። ፎርድ ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ሲወጣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ተሸጧል። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ከተገጠመላቸው አንዳንዶቹ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበራቸው። ዛሬ በደንብ የታደሰ ሲገኝ በጨረታ ነው የሚሻሙበት። የእኛ ቮልስ አጠገቡ ብትቆም ጉልበቷ ያስቃል፤ ትልቁ ሞተሯ እንኳ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ግን የድሮ መኪና ዋጋ በጉልበት አይለካም። ሙስታንግ ለአሜሪካ ወጣት የነፃነት መኪና ነበር። ቮልስ ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያዋ የቤተሰብ መኪና ነበረች። ሙሽራ ተጭኖባታል፣ ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል ደርሳባታለች፣ ስንቱ መንዳት ተምሮባታል።

የቆየችውም በትዝታ ብቻ አይደለም፤ አሠራሯ ነው ያቆያት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጣ ውኃ ፈላ ብሎ መቆም የለም። ሞተሯን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ ሠፈር ውስጥ ያለ መካኒክ ሞተሯን መሬት አውርዶ፣ ሠርቶ፣ መልሶ መግጠም ይችላል። በዚህ የተነሳ ስንቱ የአዲስ አበባ መካኒክ እጁን የፈታው በእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ነበር። እንግዲህ ይቺን ነው «ቆርቆሮ» የምንለው።

አሁን ወደ ሻጮቹ ልምጣ። «የታደሰች» የሚለው ቃል እኮ ትልቅ ቃል ነው። አንዱ መኪናዋን እስከ ሻንሲዋ ያፈርሳታል፣ የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ ይበይዳል፣ ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራን ሲዞር ይከርማል። ሌላው ዝገቱ ላይ ስቱኮ ይለጥፍና በላዩ ደማቅ ቀለም ይረጫል። ሁለቱም ፎቶ ላይ አንድ ናቸው! ሁለቱም «የታደሰች» ተብለው ነው የሚወጡት። የመጀመሪያው ባቲላሜራ ወራት የለፋበትን ዋጋ ሁለተኛው በአንድ ሳምንት ቀለም ቅብ ይጠይቃል። ይሄ ገዢውን መዝረፍ ብቻ አይደለም፤ በትክክል የሠራውን ባለሙያም ማዋረድ ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀለሙን ተዉትና እነዚህን እዩ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ። ላሜራው ላይ ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ግን አይዝም፤ ይሄ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ ነው። ቀጥሎ የኋላ ወንበሯን አንሱ። ባትሪዋ እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል፣ ስለዚህ እውነተኛ ዕድሳት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። የሻንሲ ቁጥሯም እዚያው ከወንበሩ ሥር መሐል ላይ ተመትቷል፤ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ሻጩ ወንበር ማንሳት ከከበደው እናንተም ብር ማንሳት ይክበዳችሁ።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ቮልስ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ጋሼ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ልጆቹ «ቦታ ያዘች» ይላሉ። አንድ ደላላ መጥቶ አያትና «ይቺማ ለቁራሌው ነው የምትሆነው» ብሎ የብረት ዋጋ ሰጣቸው። ጋሼ እንቢ አሉ፣ ጎሽ! ያው ደላላ እኮ ውጭ ሲወጣ የታደሰች ቮልስ ምን ያህል እንደምትጠየቅ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ለሽማግሌው ቆርቆሮ፣ ለገዢው ቅርስ! ልዩነቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና በሚያስመጣ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። ዓላማው ይገባኛል፤ ሌላ አገር የጣለውን ጭሳም መኪና ሁሉ እኛ ላይ እንዳያራግፉት ነው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከነጭራሹ እንዳይገቡ ተከለከለ። ውጤቱን አስቡት፤ አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች ያሉት ናቸው፣ አይጨመሩም። አንዷ ወደ ብረት ማቅለጫ በሄደች ቁጥር አንድ ትቀንሳለች። ስለዚህ ያሉትን በወጉ የምንይዝበት መንገድ ያስፈልገናል።

ሌላው ዓለም ይሄን እንዴት እንደያዘው ቀላል ነው። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ በደንብ የተያዘ መኪና ሰሌዳው መጨረሻ ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ይሰጠዋል፤ ታሪካዊ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት ያለፈው መኪና በታሪካዊነት ከተመዘገበ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ግብር አይከፍልም። እኛም «ታሪካዊ ተሽከርካሪ» የሚል ግልጽ መደብ ቢኖረን ምን ይጎዳናል? ባለሙያ ወንበሯን አንስቶ ያያል፣ ቁጥሯን ያመሳክራል፣ ስቱኮና ላሜራ ይለያል፣ ወረቀት ይሰጣል። ያን ጊዜ «የታደሰች» የሚለው ቃል ማስረጃ ይኖረዋል። ሐቀኛው ሠሪ ዋጋውን ያገኛል፣ ጋሼም በእጃቸው ያለው ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

«አሮጌ መኪና ጭስ ነው፣ ፍሬኑም አያስተማምንም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። እኔም በየቀኑ ጀሞ–ሜክሲኮ ይመላለሱ አላልኩም። የቦሎ ምርመራውን በፍሬንም በጭስም ያጥብቁት፣ ለበዓል፣ ለሠርግና ለዕረፍት ቀን ብቻ ይነዱ። መካኒክነት ለሚማሩ የቴክኒክና ሙያ ልጆች ደግሞ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የት ይገኛል? ኮምፒውተር የለ፣ የተደበቀ ነገር የለ፤ ካርቡሬተሩም ፒስተኑም ፊት ለፊት የሚታይ ነው። ቮልስን አብጠርጥረው የሚያውቁት መካኒኮች እያረጁ ነው። እጃቸው ላይ ያለውን ሙያ የሚቀበል ልጅ ካልተገኘ፣ መኪናዋ ብትተርፍም የሚሠራት ታጣለች።

ለማጠቃለል ያህል፤ ሻጮች፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይቅርብን። ዋጋውን በግልጽ ጻፉ፣ ስትፈርስና ስትበየድ የተነሳችውን ፎቶ ለጥፉ፣ የሠራትን ባለሙያ ፈቅዶ ከሆነ አመስግኑ። ገዢዎች፣ ወንበር አንሱ። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመች መኪና ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ፣ እባካችሁ ቁራሌው ከመጠራቱ በፊት አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ አሳዩዋት።

እናንተ ሠፈርስ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ፣ ላዳ ወይም ፔጆ አለች? ባለቤቷ ምን ሊያደርጓት ነው ያሰቡት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።