«ግንኙነታችሁ እንዴት ነው?» ማለት መጠየቅ አይደለም

አንዲት ፖርቱጋላዊት በ1995 ሊዝበን ውስጥ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ቀዶ ጥገና ተደረገላት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በቀዶ ጥገናው ነርቭ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ መቀመጥና መራመድ አስቸገራት፣ ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት፣ ከባሏ ጋር መተኛት የማይቻል ሆነ። ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 80,000 ዩሮ የሞራል ካሳ ፈረደላት። በ2014 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ካሳውን ወደ 50,000 አወረደው። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር፦ ቀዶ ጥገናው ሲደረግላት ዕድሜዋ 50 ነው፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ በዚህ ዕድሜ ወሲብ እንደ ወጣትነት ዘመን አያስፈልግም።

ሴትዮዋ ዝም አላለችም። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ደረሰ። በሐምሌ 2017 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት 5 ለ 2 በሆነ ድምፅ አድልዎ ተፈጽሞባታል አለ። እዚያው ፖርቱጋል ውስጥ በሕክምና ስህተት ምክንያት ወሲብ መፈጸም ያቃታቸው ሁለት ወንዶች ነበሩ። አንዱ 55፣ ሌላው ወደ 59 ዓመት የተጠጋ። ለእነሱ ፍርድ ቤት ጉዳቱን ከባድ ድንጋጤ ብሎታል። ስንት ልጅ እንዳላቸው ግን አልቆጠረባቸውም።

የሊዝበን ዳኞች ያሉት እኛ አገር በፍርድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ላይገኝ ይችላል። በሐኪም ክፍል ግን ሳይነገር ይሠራበታል።

የማህፀን መውጣት በኢትዮጵያ ገጠር የሚታወቅ፣ ግን የማይነገር ሕመም ነው። ዳሌን ከታች የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ይላላሉ፤ ማህፀን፣ የሽንት ፊኛ ወይም የአንጀት መጨረሻ በብልት በኩል ወደ ታች ይገፋል። መንስኤው ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ አራስነት ሳያልቅ እንጨትና ውሃ መሸከም ነው። ሴቶች ለዓመታት ደብቀውት ይኖራሉ። ዕድል የቀናቸው ሆስፒታል ይደርሳሉ፤ ብዙ ጊዜ ማህፀኑ በብልት በኩል ይወጣና የላላው ግድግዳ ተሰፍቶ ይጠብቃል።

ታዲያ ቀዶ ጥገናው ተሳካ የሚባለው በምንድን ነው? ከ1996 ጀምሮ ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ በሴንቲሜትር ነው፦ የብልት ግድግዳ ከመግቢያው ምን ያህል ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ምን ያህል ወደ ውጭ ወጣ። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሐኪም ከሐኪም ያግባባል። ነገር ግን ያ ማስመሪያ፣ ስፌቱ ከልክ በላይ ጠብቆ አንዲት ሴት በየምሽቱ ጥርሷን ነክሳ እንደምትችለው አያውቅም። በማስመሪያው ፍጹም የተሳካ ቀዶ ጥገና በትዳሯ ውስጥ የከሸፈ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመያዝ መጠይቆች ተሠርተዋል። ታዋቂው ፒስኪው-12 ይባላል፣ 12 ጥያቄዎች አሉት። ፍላጎት አለሽ ወይ፣ ያምሻል ወይ፣ ሽንት ያመልጠኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ ወይ፣ የወጣው ነገር ስላለ ትሸሺያለሽ ወይ ይላል። ችግሩ የተሠራው ወሲብ ለሚፈጽሙ ሴቶች ብቻ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይዛባል።

እንበልና አንዲት ሴት በሕመሙ አፍራ ከባሏ መተኛት ከተወች አምስት ዓመት ሆኗታል። ከቀዶ ጥገና በፊት አትቆጠርም። ከዳነች በኋላ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፣ ትንሽ ሕመም እንዳለ ተናገረች፤ ወዲያው በአማካዩ ላይ «ሕመም» ሆና ትመዘገባለች፤ ሕይወቷ ግን ተሻሽሏል። ሌላዋ ከቀዶ ጥገና በፊት ከባሏ ጋር ትተኛ ነበር፤ አሁን ከሕመሙ ብዛት ጨርሳ ተወችው። እሷ ከስሌቱ ትወጣለች። አማካዩ ያምራል! የባሰባት ሴት መጥፋቷ ውጤቱን አሳመረው። በ2013 የወጣው አዲሱ መጠይቅ፣ ፒስኪው-አይአር፣ ወሲብ የማይፈጽሙትንም ለምን እንደተዉት የሚጠይቀው ለዚህ ነው፦ አጋር ስለሌላት ነው? ፍላጎት ስለሌላት? ስለሚያማት? ስለወጣባት ነገር?

ይህ የቢሮ ጨዋታ አይደለም። የወጣውን አካል ለመደገፍ በብልት በኩል የሚተከለው ሰው ሠራሽ መረብ ለዓመታት በሀብታም አገሮች ሲሸጥ ኖሮ፣ በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ሕክምና እንዳይሸጥ አዘዘ። በብሪታኒያ በ2020 የወጣው በባሮነስ ከምበርሌጅ የተመራው ምርመራ ሴቶች ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ወሲብ ሕይወታቸው፣ ስለፈረሰው ትዳራቸው ሲናገሩ የሚሰማ እንዳልነበረ ዘግቧል።

እኛ ዘንድ መጠይቅ ጨርሶ የለም ማለት ሐሰት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማህፀን መውጣትን ምልክትና የኑሮ ጥራትን የሚለኩ መጠይቆችን በአማርኛ አዘጋጅተው ፈትሸዋል። ያ ሥራ ክብር ይገባዋል። ከምርምር ወጥቶ የዕለት ተዕለት ካርድ ላይ ካልሰፈረ ግን መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በጨዋ አማርኛ ወሲብ «ግንኙነት» ነው። «ከባለቤትዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዴት ነው?» ተብለው የተጠየቁ የ55 ዓመት እናት «ደህና ነው፣ ተመስገን» ይላሉ፤ ባልየው አይመቷቸውም፣ እህሉን ያገባል፣ ደህና ነው። መላሿ ስለ ትዳር ተናገሩ፣ ጠያቂው ስለ አልጋ ጻፈ። «እርካታ»ም እንዲሁ ነው፤ በጠቅላላው ደስ መሰኘትንም፣ የስሜት ጫፍንም እንይዝበታለን። የፈረንጁ መጠይቅ ግን ሁለቱን ለይቶ ይጠይቃል። ያውም ንባብ ለማይችሉ ሴቶች ጥያቄውን የሚያነብላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ወጣት ወንድ ተለማማጅ ከሆነ፣ ወይም ባልየው በር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ወይም አማርኛ ለማይናገሩት የሚያስተረጉመው ልጃቸው ከሆነ፣ መልሱ አስቀድሞ ታውቋል።

«ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ ጥቂት፤ መጀመሪያ ሴትየዋ በቅጡ ትቀመጥ፣ ትራመድ» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግን ጥያቄው ወረፋ አያስረዝምም፤ አንዳንዴ ቀዶ ጥገናውን ራሱ ይለውጣል። ለአረጋውያን ከሚሠሩት ቀዶ ጥገናዎች አንዱ የብልትን መተላለፊያ መዝጋት ነው። ቀላል ነው፣ ሕመሙም የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሲብ አይታሰብም። ባላቸው የሞተባቸው የ65 ዓመት እናት «ይሄማ አልፏል» ካሉ ጥሩ ምርጫ ነው። ሐኪሙ ዕድሜያቸውን አይቶ ስለ እሳቸው «አልፏል» ካለ ግን የሊዝበኑን ዳኛ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

የነጻ ሕክምና ዘመቻ ሲደረግ የሚነገረን ስንት ሴቶች ቀዶ ጥገና እንዳገኙ ነው። ቁጥሩ ያስደስታል። ጋዜጠኞችም ያንኑ ይዘው ይወጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ ስንቶቹ ተጠየቁ? ምን መለሱ? ይህን የሚጠይቅ ዜና አይሠራም፤ ለሆስፒታሎች ገንዘብ የሚሰጡትም ይህን ሪፖርት ቢጠይቁ በማግስቱ ቅጽ ይዘጋጅ ነበር።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ የሚዘጋ በር፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ አራት ግልጽ ጥያቄዎች፦ ከባለቤትዎ ጋር ይተኛሉ? ካልሆነ ለምን ተዉት? ሲተኙ ያምዎታል? ይህ ነገር እንዲመለስልዎ ይፈልጋሉ ወይስ አያሳስብዎትም? ቀጠሮ ለመመለስ መንገድ ለራቀባቸው፣ ስልክ ላላቸው በስልክ፣ ለሌላቸው በቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል። ባልየው ደግሞ ሚስቱ ከሆስፒታል ስትወጣ ለስድስት ሳምንት ያህል ሸክምም አልጋም እንደማይጠየቅ ከሐኪም አፍ ይስማ፤ እሷ ብቻዋን ቤት ገብታ እንድታስረዳው መተው አይገባም።