ልጅዎን ኳስ ሜዳ ሲወስዱ

እሁድ ጠዋት የሰፈር ቡድኖች ሲጋጠሙ ሕፃን ልጅን ይዞ ሜዳ መውጣት መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥሉበት። ስለ ጆሮው ግን ያስቡ። ቩቩዜላ በቅርብ ርቀት ሲነፋ ድምፁ ከ110 ዴሲቤል ያልፋል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሕፃኑ አመመኝ ብሎ አይነግርዎትም፤ ያለቅሳል ወይም ጆሮውን በእጁ ይይዛል። ስለዚህ ከድምፅ ማጉያውና ከከበሮ መቺዎቹ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይከላከልም፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ይሻላል። ጎል ሲቆጠር እርስዎም ቀስ ይበሉ፤ ልጁ ትከሻቸው ላይ መሆኑን የሚረሱ አባቶች አሉ። ከረበሸው ዘጠና ደቂቃው እስኪሞላ አይጠብቁ። በማግስቱ ሲጠሩት የማይሰማ ከመሰለዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።