«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ለእሱ ንገረው»

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር ዛሬም ሌክቸር ጀመረ» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ታገሡኝ።

ግንቦት 2012 ላይ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ነጭ ፖሊስ የጆርጅ ፍሎይድን አንገት በጉልበቱ ተጭኖ ሲገድለው፣ እዚህ ሸዋ ሮቢት ሆነን ሳይቀር ፕሮፋይላችንን ያጠቆርን ነበርን። እኔም አንዱ ነኝ። ከዚያ በፊት በ2007፣ እስራኤል ሆሎን ከተማ ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰውን ቤተ እስራኤላዊ ዳማስ ፓካዳን ፖሊሶች ሲደበድቡት የሚያሳየውን ቪዲዮ ያየ ሁሉ ደሙ ፈልቷል። «ነጮቹ ለምን ዝም ይላሉ? ዝም ያለም ተባባሪ ነው» ስንል ነበር። ልክ ነበርን።

እሺ፣ ያው ጥያቄ ወደ እኛ ሲዞርስ? እኛ ጋ ነጭ የለም፤ «ቀይ» ግን አለ፣ «ጠይም» አለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን «ባሪያ» የሚል አፍ አለ። በዚህ ሚዛን እኔና ብዙዎቻችሁ የተቀመጥነው ነጮቹ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ነው። (ስለ ብሔር አይደለም የማወራው። በእሱ ሁላችንም በቂ ጮኸናል፤ በቂ ተቃጥለናልም።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ከጋምቤላ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበረን። አንድ ቀን ከሰዓት መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን መብራት ጠፋ። አንዱ ባልደረባችን «እስቲ ጥርስህን አሳየንና የት እንዳለህ እንወቅ» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽ። እሱም ፈገግ አለ፤ ምን ያድርግ?

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ከነከነኝና «አይዞህ ወንድሜ፣ ሰውዬው እኮ ክፉ አይደለም፣ አፉ ነው እንጂ» አልኩት። ቆም ብሎ አየኝ። «ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ለእሱ ንገረው» አለኝ። አልተቆጣም። ደህና እደር ብሎኝ ወደ ኪራይ ቤቱ ታጠፈ።

ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰደበው ያልኩትን ሰው ይቅር እንዲል ለምኜው ነው የመጣሁት፤ በዚያ ላይ እኔ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል። በማግስቱ ለባልደረባዬ ነገርኩት ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አልነገርኩትም። ሁለት ሳምንት ፈራሁ። ከዚያ ብቻውን አግኝቼ «ያ ቀልድ ልክ አልነበረም፤ መሳቄም ልክ አልነበረም» አልኩት። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበቃ የሆንከው?» አለኝ። አንድ ወር ያህል አብረን ሻይ አልጠጣንም። ዋጋው ይህችው ናት፣ የአንድ ወር ሻይ። ይህችን ላለመክፈል ነው እንግዲህ ሁለት ሳምንት የተንቀጠቀጥኩት!

አሁን ኮሜንት ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «እኛ አገር የቀለም ዘረኝነት የለም፤ የፈረንጅ በሽታ ነው። ‹ባሪያው› እኮ ለልጃችን የምናወጣው ስም ነው፤ ‹ሻንቆ› የቁልምጫ ነው።» እውነት ነው፣ ስም ይወጣል። የእኔም አያት ከልጅ ልጆቿ ጠቆር ያለውን እንዲያ እያለች ነበር የምትጠራው፤ ከሁላችንም አስበልጣ ነበር የምትወደው። ግን አያት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ለልጇ የምትለውና አንተ መናኸሪያ ውስጥ የማታውቀውን ሰው የምትጠራበት አንድ ነው? ቁልምጫ ከሆነስ ያው ሰው ሽማግሌ ሲልክ «ዘሩ ይጠና» የሚባለው ለምንድን ነው?

ደግሞ እኛ ይፋቶች «አናውቀውም» ማለት አያምርብንም። ከአንኮበር ግርጌ ያለችውን አልዩ አምባን አስቧት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ቡናው፣ ጨርቁ፣ ጨው ያለው እዚያ ነው። በአካባቢዋም ሰው ይሸጥ ነበር። ነጋዴው ሰውን እንደ ከብት እየነዳ በቆላው አድርጎ ወደ ታጁራ ያወርድ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ ስለዚሁ ንግድ በመጽሐፉ ጽፏል። አገሪቱ ባርነትን በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የሻረችው በ1934 ነው፤ የብዙዎቻችን አያቶች በሕይወት እያሉ። አሁን ልብ በሉ፦ በዚያ መንገድ ከተነዱት ውስጥ ጉራጌውና ኦሮሞው ብዙ ነው። መልካቸው የእኔና የእናንተ መልክ ነው። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ አይቶ «ባሪያ» የሚል ሰው ክፉ ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አያውቅም።

ይህን ለማወቅ እኔም ዘግይቻለሁ። ድሮ ስለ ባሪያ ንግድ ሳስተምር ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አንድ ልጅ ያይ ነበር። ስድሳ ተማሪ፣ አንድ ልጅ። እሱ ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፌን እቀጥላለሁ። አሁን ከአልዩ አምባ ነው የምጀምረው፣ ማን ይሸጥ እንደነበር፣ ማን ይሸጥና ይቀርጥ እንደነበር። ያኔ ማንም ማንን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። ያ ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበብክ፣ ያኔ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለ ቀጥቃጩና ስለ ሸክላ ሠሪዋ ብዙ አልልም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ማጭዱን የሠራልንን ሰውዬ፣ ምጣዱን የሠራችልንን ሴትዮ «ቡዳ» እንላለን፤ በእሷ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ግን እንበላለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ነው። አዋጁ እስካሁን ቡና የሚጠጣበት ቤት አልደረሰም።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈበትን ኦሊምፒክ ሁላችንም እንኮራበታለን። በዚያው ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ቶሚ ስሚዝ አንደኛ፣ ጆን ካርሎስ ሦስተኛ ወጥተው፣ ሁለቱ ጥቁር አሜሪካውያን ሰገነቱ ላይ ጓንት የለበሰ እጃቸውን ጨብጠው ያነሡበትን ፎቶ አይታችኋል። ሁለተኛ የወጣውን ነጭ ግን ማን አስተዋለው? ፒተር ኖርማን ይባላል፣ አውስትራሊያዊ ነው። እጁን አላነሣም፤ ቀኑ የእነሱ ነበር። ደረቱ ላይ ግን እነሱ ያደረጉትን የሰብአዊ መብት ባጅ አድርጓል። አገሩ ሲገባ ተወቀሰ፣ ተገፋ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት መሀል ስሚዝና ካርሎስ ነበሩ። የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ከኖርማን የገባኝ፣ ዋጋውን የከፈለው በገዛ ወገኖቹ መሀል መሆኑ ነው። ለጥቁር ጓደኛዬ «እወድሃለሁ እኮ» ማለት ምንም አያስከፍለኝም። ጓደኛዬ በሌለበት፣ እኛ ብቻ ስንሆን፣ ቀልዱ ሲመጣ አለመሳቅ ነው የሚያስከፍለኝ። አጎት ፊት «አጎቴ፣ ይሄን ቃል ልጆቹ ባሉበት አይበሉት» ማለት። ይሉኝታ ይይዘናል፤ አውቃለሁ፣ እኔንም ይይዘኛል። ግን ይሉኝታችን ሁልጊዜ ለተሳዳቢው ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ከሁሉ የከበደው ሽምግልና ነው። የአክስቴ ልጅ የወደደችው ልጅ አለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ አለው። ቤተሰቡ ውስጥ ግን «እናቱ ወገን ምንድን ናቸው?» የሚል ሹክሹክታ ተጀምሯል፤ ሹክሹክታው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፊታችን እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እኔም ከእኛ ወገን ተቀምጬ እንድቀበላቸው ተጠርቻለሁ። ለአክስቴ ትናንት ደውዬ «እትዬ፣ አጥንት የሚቆጠር ከሆነ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ለምን እንደወጣሁም እዚያው እናገራለሁ» አልኳት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እስካሁን አልደወለችም።