ኮከብ ለመፈለግ ሌዘር ያስፈልጋል?

ጓሮው ውስጥ ቴሌስኮፕ የተከለ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ማየት ሳይሆን ማግኘት ነው። ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጨረቃ ስፋት አይበልጥም። አረንጓዴ ሌዘር ከቱቦው ጋር ትይዩ ታስሮ ቁልፉ ሲጫን ግን ጨረሩ ኮከቡን የነካ ይመስላል። አንገት ማጣመም፣ እርጥብ ሣር ላይ መንበርከክ ቀረ ማለት ነው። ወገቡን ለሚያመው አዛውንት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መሣሪያውን የሚወዱትን ሁሉ እንደ አጥፊ መቁጠርም አይገባም።

ችግሩ ጨረሩ ዓይን ያበቃ በሚመስለው ቦታ አለማብቃቱ ነው። እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአውሮፕላን መስታወት ላይ ሲያርፍ ነጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ተበትኖ ኮክፒቱን በአረንጓዴ ብርሃን ይሞላዋል። አብራሪው ያን ጊዜ ዓይኑ ጨለማ ለምዷል፣ ምናልባትም ለማረፍ እየወረደ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብቻ ለአቪዬሽን አስተዳደሩ 13,304 እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ደርሰውታል። ከ2012 ጀምሮ አውቆ ሌዘር አውሮፕላን ላይ ማነጣጠር እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ሳያውቅ ያደረገው ሰው በዚህ ሕግ ጥፋተኛ አይባልም፤ ይሁን እንጂ እኩለ ሌሊት በሩን ላንኳኳ ፖሊስ «ኮከብ እየፈለግሁ ነበር» ብሎ ማስረዳት የራሱ ጣጣ አለው።

መለያውም አይታመንም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም 122 የእጅ ሌዘሮችን ፈትሾ ውጤቱን በ2013 ሲያወጣ፣ ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ የሚጠጉት ደንቡን የማያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረርም ይለቃሉ። ገዢው 5 ሚሊዋት ብሎ የገዛው ዕቃ በእርግጥ ስንት እንደሆነ በምን ያውቃል?

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚኖርባቸው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰፈሮች ደግሞ የሬገን፣ የዳለስና የባልቲሞር አውሮፕላኖች የሚመላለሱበት ሰማይ ሥር ናቸው። እዚያ ጓሮ ውስጥ ሌዘሩ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ወይም ቴልራድ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቴልራድ በመስታወቱ ላይ ሦስት ቀይ ክቦችን ለተመልካቹ ያሳያል እንጂ ወደ ሰማይ ጨረር አይልክም። አንገቱን ለሚያመውም ከጎን የሚታይ ባለ ቀጥ ማዕዘን ማነጣጠሪያ አለ።

ተመልካቾች ራሳቸው ካልተጠነቀቁ መንግሥት በራሱ መንገድ ይጠነቀቃል። በአውስትራሊያ በ2008 ሲድኒ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በሌዘር ሲጠቁ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከ1 ሚሊዋት በላይ የሆኑትን ከተከለከሉ የጦር መሣሪያዎች ጎራ መደባቸው።

ሌዘሩ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ከከተማ ርቆ ለሠላሳ ተማሪ «ያ ኮከብ» ብሎ ለማሳየት የሚተካከለው የለም፤ ያውም አንድ ሰው ሰማዩን እየጠበቀ፣ የአውሮፕላን መብራት ብቅ ሲል ጣት ከቁልፉ ላይ እየተነሳ።