ማስቲሽ የሚስበውስ የት ይደር?



ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ የዳሞታ ጉም ከተማውን ሸፍኖ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጥቂቶቻችን ሻይና ዳቦ ይዘን ወደ ሶዶ መናኸሪያ ወርደን ነበር። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዕድሜው አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆን ወጣት በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘን። የግራ እግሩ ቆስሎ መግል ይዟል። እጅጌው ውስጥ ማስቲሽ ያለባት ትንሽ ሃይላንድ ሸሽጓል። ደግፈን ስሙን ወደማንጠራው አንድ መጠለያ ወሰድነው። በረኛው ጠጋ ብሎ አሸተተውና «ይህን ነገር ትቶ ይምጣ» አለን። የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። በረኛውን አንወቅሰውም፤ ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም። ልጁን ወደ በረንዳው መለስነውና እኛ ወደ ማደሪያችን ገባን። ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን ስንተኛ ያፈርነውን ኀፍረት ግን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

እስቲ ይህን ደንብ እንመርምረው። ትቶ ይምጣ ማለት በበረንዳ ላይ፣ በዝናብ፣ በባዶ ሆድ ይተው ማለት ነው። ማስቲሽ የሚስበው ልጅ ለምን እንደሚስብ ብትጠይቁት ፍልስፍና አይነግራችሁም፤ ረሃቡን ያስረሳል፣ ብርዱን ያደነዝዛል፣ ሌሊቱን ያሳጥራል ይላችኋል። እንግዲህ ረሃቡና ብርዱ ሳይነሱለት መድኃኒቱ ያደረገውን ብቻ ጣል የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ሕክምናውም ከዚህ ደንብ ጋር አይስማማም። በማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉይንን የመሰለ ማሟሟቻ አንጎልን ይጎዳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የልብን ምት ማናጋቱን ነው። በስካሩ ላይ ሳለ በድንገት የደነገጠ ወይም ተባርሮ የሮጠ ልጅ ልቡ በዚያው ቀጥ ሊል ይችላል። እንግዲያውስ ዱላ ይዞ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ማሳደድ ሥርዓት ማስከበር ብቻ ሳይሆን ነፍስ ማጥፋትም ሊሆን ይችላል። አረቄም የራሱ ጠባይ አለው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በአንድ ሌሊት ቢያቋርጥ ያንዘፈዝፈዋል፣ ይጥለዋል፣ ሲብስም ይገድለዋል። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ» ብሎ በር ላይ መማል ለእንዲህ ያለው ሰው ደግነት አይደለም።

ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ጉዳይ እንግዳ መሆን አይገባውም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዓመቱ በ1958 ዓ.ም. እንደገና አደባባይ ወጥተው ነበር። ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ለማኞችና ድሆች ከየመንገዱ እየታፈሱ ሾላ በተባለው ካምፕ መታጎራቸው ነው። ጥያቄያቸውም «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» የሚል ነበር። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተመለሰም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 የተጠረጠረው ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ደንግጓል። ድሀው ደግሞ ሱስ ከጨመረበት ጠበቃ አያገኝም፤ ለድሀ የሚያዝን ሰው እንኳ ለሱሰኛ ድሀ ሲሆን ፊቱን ያዞራል። የሾላን ነገር ስናነሳ የምንኮራ እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም።

በሌላው ዓለም ነገሩን ገልብጠው አይተውታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ሳም ሴምቤሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ ቤት አልባዎችን አስቀድሞ ወደ ቤት ማስገባት ጀመረ፤ መጠጡንም ሆነ ሌላውን ሱስ መተው የመግቢያ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ፊንላንድ በ2008 ይህንኑ የአገር መርሐ ግብር አድርጋ የሌሊት መጠለያዎቿን ቁልፍ ወዳላቸው የኪራይ ቤቶች ለወጠች፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የቤት አልባዎቿ ቁጥር ቀነሰ። ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች ሁለት ሺህ በሚያህሉ ሰዎች ላይ ፈትናው በዚህ መንገድ ቤት ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ በቤታቸው ጸንተው ተገኙ። የመጠጡና የዕፁ ነገር ግን በቤቱ ብቻ ያን ያህል አልተለወጠም። ይህን የማንሸሽገው በኋላ «ቤት ሰጣችኋቸው፣ ግን አልተዉም» የሚለን እንዳይኖር ነው። ቤቱ የሚሰጠው ሰው በሕይወት እንዲያድር ነው። መተው ከመጣ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ሶዶ ሄልሲንኪ አይደለችም» የሚል መልስ ይጠብቀናል። እውነት ነው። የወላይታ ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ብዙው ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር በታች በሆነ ማሳ ላይ እንሰቱንና ስኳር ድንቹን ይተክላል። ያ ማሳ ለአራት ወንድማማች አይከፈልም። ስለዚህ ልጁ የሊስትሮ ሣጥን ተሸክሞ ወይም ሎተሪ ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ጢም ብሎ ይገባል፤ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጫማ የያዘው ወደ ቀዬው ያልፋል። ባዶ እጁን የመጣው ግን ሶዶ መናኸሪያ ላይ ይቀራል። ያ በረንዳ ላይ ያገኘነው ልጅ የእናቱ ቤት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ እንደማይሞላ ነግሮናል። «እንዲህ ሆኜ?» አለን እግሩን እያሳየ።

እኛ የምንጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ለመናኸሪያው ቅርብ የሆነ አምስት ስድስት ክፍል ያለው ቤት፤ ውሃና ሳሙና፣ ትኩስ ምግብ፣ ቁስል ማጠቢያ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ከነቁልፉ። ማስቲሽ ወይም ቤንዚን ባለበት እሳት አይነድም፤ ተደባድቦ ሰው የሚጎዳ ይወጣል፤ የደንቡ ዋና ነገር ይኸው ነው። ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ሰክሮ የወደቀውን በጎኑ ማስተኛት ይማር፤ በጀርባው የተኛ ሰካራም በትውከቱ ታፍኖ ይሞታልና። ዕድሜያቸው ያልደረሱ ሕፃናት ከትልልቆቹ ጋር አያድሩም፤ ለእነሱ ቤተሰብ ማፈላለግና ሞግዚት ያስፈልጋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የጤና ተማሪዎች ቁስል ለማጠብ፣ የሕግ ተማሪዎች የታሰሩትን ለመከታተል ተራ ሊገቡ ተስማምተዋል። በሱስ የሚስቧቸውን ነገሮች እኛ አንገዛላቸውም፤ ይህን የሚያወሩብን አሉና ይታወቅልን።

«ቤቱ ተከፈተ ሲባል ልጁ ሁሉ ወደ ማስቲሽ ይሮጣል» ላሉን መምህራችን በአክብሮት እንመልሳለን። በማዳበሪያ ከረጢት ከመተኛት ይልቅ በአልጋ ለመተኛት ብሎ አንጎሉን የሚያቃጥል ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ ቤት የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ነው።

የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን መዋጮ ይዘናል። የጎደለን ቤቱ ነው። እስካሁን ያነጋገርናቸው አከራዮች «ማነው የሚገባበት?» ብለው ጠይቀው እውነቱን ስንነግራቸው አሰናብተውናል፤ አንዱማ «ተማሪ ነው የሚገባበት ብትሉኝ ኖሮ አከራያችሁ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከአንባብያን መካከል በከተማው ውስጥ ባዶ ሰርቪስ ቤት ያለው፣ ወይም የማይፈራ አከራይ የሚያውቅ ካለ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለኅብረቱ ጸሐፊ ይንገርልን።